በሽታውን የደበቀ ወታደር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። እኔም ይህን አምኜ እዚህ ዕድሜ ደርሻለሁ። ሰሞኑን ግን ልጆቹ «አፕ» ስለሚሉት የእጅ ስልክ ፕሮግራም ሳነብ ተረቱን መጠራጠር ጀመርኩ።

ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከመከላከያው ጋር ሆኖ «ፒቲኤስዲ ኮች» የሚባል አፕ አወጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ፒቲኤስዲ የሚሉት በጦርነት ወይም በሌላ አሰቃቂ አደጋ ያለፈ ሰው ላይ የሚቀረውን የአእምሮ ቁስል ነው፤ ቅዠቱን፣ መበርገጉን፣ ከሰው መሸሹን። ከኢራቅ ወይም ከአፍጋኒስታን የተመለሰ ወታደር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በላብ ተጠምቆ ሲባንን ስልኩን ይከፍታል። ጭንቀቱን ከ0 እስከ 10 ይለካል። አፑ ቀስ ብሎ መተንፈስን፣ የተወጠረ ጡንቻን ማላላትን ያሳየዋል፤ ከባሰበትም ርዳታ የሚያገኝበትን ይጠቁመዋል። ገንዘብ አይጠይቅም። ስምም አይጠይቅም!

«ስም አለመጠየቁ ምን ይደንቃል?» ትሉኝ ይሆናል። ለመልሱ መቶ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ሊኖርብን ነው።

ቁስሉ አዲስ አይደለም፤ የሚቀያየረው ስሙ ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ዳ ኮስታ የተባለ ሐኪም በ1871 ስለ ወታደሮች «የተቆጣ ልብ» ጻፈ። በ1915 እንግሊዛዊው ቻርልስ ማየርስ «ሼል ሾክ» የሚለውን ቃል በሕክምና መጽሔት ላይ አወጣው፤ «የመድፍ ድንጋጤ» እንበለው። ሐኪሞቹ እንዲህ ስም ሲያወጡለት፣ የጦር ፍርድ ቤቱ ግን የቆየ ስም ነበረው፤ ፈሪነት!

ሃሪ ፋር ተራ ወታደር ነበር። በ1915 በዚሁ ሕመም ለወራት ሆስፒታል ተኝቶ ወደ ጦሩ ተመለሰ። በ1916 ግን «አልችልም» አለ። በፈሪነት ተከሶ በገዛ ወገኖቹ ጥይት ተረሸነ፤ ገና 25 ዓመቱ ነበር። ሚስቱ ነውር ሆኖባት አሟሟቱን ለብዙ ዓመታት ደብቃ ኖረች። የእንግሊዝ መንግሥት በዚያ ጦርነት ለተረሸኑ 306 ወታደሮች በ2006 ይቅርታ ሲያደርግ፣ አባቷን ሳታውቅ ያደገችው ልጁ የ93 ዓመት አሮጊት ነበረች።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼ የሚወዷቸው ሁለት ባለቅኔዎች፣ ሳሱንና ኦወን፣ የተገናኙት በ1917 ስኮትላንድ ውስጥ ክሬግሎክሃርት በሚባል ሆስፒታል ነው። ሳሱንን ያከመው ዶክተር ሪቨርስ ዋናው መድኃኒቱ ማዳመጥ ነበር። ይሁንና ያ ሆስፒታል የመኮንኖች ነበር። እንደ ፋር ያለውን ተራ ወታደር ማን ቁጭ ብሎ ያዳምጠው?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ነገሩ ብዙ አልተሻሻለም። በ1943 ጄኔራል ፓተን ሲሲሊ ውስጥ በዚሁ ሕመም ሆስፒታል የገቡ ሁለት ወታደሮችን በጥፊ መታ። ሕመሙ ዛሬ የምናውቀውን ስም ይዞ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ የገባው ከቬትናም የተመለሱት ወታደሮችና አብረዋቸው የቆሙ ሐኪሞች ብዙ ከታገሉ በኋላ፣ በ1980 ነው።

እንግዲህ አፑ ስም የማይጠይቀው ለምን እንደሆነ ገባችሁ? ወታደሩ አለቃው እንዳይሰማ፣ ሹመቱ እንዳይቀር፣ ጓዶቹ «ልቡ ከዳው» እንዳይሉት ይፈራል። ፋርን የገደለው ነውር ዛሬ አይረሽንም፤ አፍ ግን ያስይዛል። አፑ ይህን አውቆ «ግድ የለም፣ ተደብቀህም ቢሆን ጀምር» ይለዋል። ደግ አደረገ! ተረቱን የተጠራጠርኩትም ለዚህ ነው።

ግን ልብ በሉ፤ አፑ ራሱ «የሐኪም ምትክ አይደለሁም» ይላል። ትንፋሽ ያስቆጥር ይሆናል፤ እንደ ሪቨርስ ፊት ለፊት ተቀምጦ «ከዚያስ?» ብሎ መጠየቅ ግን የሰው ሥራ ነው። ወታደሩ አንድ ቀን ስልኩን አስቀምጦ ለሚስቱ፣ ለሐኪሙ፣ ለጓደኛው «አሞኛል» ማለቱ አይቀርም። ያን ዕለት የሚሰማው ሰው ፊቱን ካዞረበት ተመልሶ ወደ ስልኩ ይገባል። ስለዚህ አበውን ከመተቸቴ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፦ በሽታውን የሚደብቀው ሰውዬው ነው ወይስ እኛ ነን የምናስደብቀው?