ፀሐይን በቪዲዮ ካሜራ ለመቅረጽ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚከሰተው የፀሐይ ግርዶሽ በሐረር ከተማ በከፊል ይታያል። ዕለቱ ሰኞ የሥራ ቀን በመሆኑ በየመሥሪያ ቤቱ የሚገኙ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ክስተቱን ለመቅረጽ መዘጋጀታቸው የሚጠበቅ ሲሆን፣ ዝግጅቱ የባለሙያውን ዓይንና የመንግሥትን ንብረት ከጉዳት የሚጠብቅ መሆን ይኖርበታል።

ፀሐይ ሙሉ በሙሉ የምትጋረድበት መስመር ሰሜን አፍሪካን፣ ሳዑዲ ዓረቢያንና የመንን አቋርጦ በሶማሊያ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ የሚያልፍ በመሆኑ ሐረርን አይነካም። ስለሆነም በከተማይቱ የመከላከያ ፊልተር ከሌንሱ ላይ የሚነሣበት አንድም ቅጽበት አይኖርም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ በታየው የቀለበት ቅርጽ ግርዶሽም የፀሐይ ጠርዝ ሳይሸፈን በመቅረቱ ፊልተሩ እስከ መጨረሻው አስፈላጊ ነበር።

የካሜራ ሌንስ የፀሐይን ብርሃን በአንዲት ነጥብ ላይ ስለሚያከማች የምስል መቀበያውን ሊያቃጥል ይችላል። ዙም በጨመረ ቁጥር አደጋው ያይላል። የዓይን ሬቲና የሕመም ስሜት ስለሌለው ጉዳቱ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል። በተለይ ብርሃኑን በቀጥታ ወደ ዓይን በሚያደርስ ባለ መስታወት ማያ ያለ ፊልተር ፀሐይን መመልከት ፈጽሞ አይገባም።

ለፀሐይ የተሠራ ፊልተር የሚያሳልፈው ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ያህሉን ብርሃን ብቻ ሲሆን፣ የሚገጠመውም ከሌንሱ ፊት እንጂ ከኋላ አይደለም። የራጅ ፊልም፣ ሲዲ፣ በጥላሸት የጠቆረ መስታወትና የተለመደ የፀሐይ መነጽር ምትክ ሊሆኑ አይችሉም። የግርዶሽ መመልከቻ መነጽርም ለዓይን ብቻ የተዘጋጀ በመሆኑ ከካሜራ ወይም ከአጉሊ መነጽር ጋር አብሮ አይሠራም። ደመና ፀሐይን በመጋረዱ ፊልተሩን ማንሣትም ስሕተት ነው፤ ክረምት በመሆኑ ደመናው በድንገት ሊገለጥ ይችላል።

በቀረጻው ጊዜ ፀሐይ ከአናት ብዙም ስለማትርቅ፣ ካሜራውን ወደ ላይ ማዘንበል የሚችል ጠንካራ ትራይፖድ ያስፈልጋል። የትኩረትና የብርሃን መጠን በእጅ ይስተካከላል፤ ቀረጻ በማይኖርበት ጊዜም ሌንሱ ይከደናል።

ፊልተር ላላገኙ ሌላ መንገድ አለ። በካርቶን ላይ በመርፌ የተበሳ ቀዳዳ የተጋረደችውን ፀሐይ ምስል በወረቀት ላይ ያሳርፋል፤ በዛፍ ቅጠሎች መካከል የሚያልፈው ብርሃንም እንዲሁ። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጀጎል በኖራ የተለሰኑ ግድግዳዎች ለዚህ የተመቹ ናቸው። ካሜራው ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ በግድግዳው ላይ የሚያርፉትን የጨረቃ ማጭድ መሰል ምስሎች ሲቀርጽ፣ ዓይንም ንብረትም አይጎዳም፤ ከተማይቱም ከክስተቱ ጋር በአንድነት ትቀረጻለች።