ለብሩሽና ለብዕር የተሰጠ ወርቅ

ኒሻን ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው በጦር ሜዳ የዋለ አርበኛ ወይም ደረቱን የሞላ ሹም ነው። አልተሳሳትንም፤ በአገራችን ኒሻን ለረዥም ዘመን የዘማች፣ የሹመኛና የውጭ አገር እንግዳ ነበር። ሥዕል የሚሥለው ሰው ስሙን እንኳ ብዙ ጊዜ ሳይጽፍ ያልፋል። የእጅ ባለሙያውማ ጭራሽ ይሰደብ ነበር፤ ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ቆዳ አልፊው ፋቂ፣ በእኛም አገር ቱምቱ እየተባለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ቶሎ አልጠፋም። መቃብር የምንቆፍርበት ዶማ እኮ ከዚያው ከተሰደበው ሰው እጅ የወጣ ነው!

እንግዲህ በዚህ አገር ላይ ነው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 የተቋቋመው። የወርቅ ሜዳይ፣ ዲፕሎማና ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ፣ ለሥነ ጥበብ፣ ስለ ኢትዮጵያ ለሚደረግ ምርምርና ለመሳሰለው። ያገኙት ጥቂት ናቸው። በ1964 በሥነ ጥበብ አፈወርቅ ተክሌ ተሸለሙ፤ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን ትልቁን የመስተዋት ሥዕል የሠሩት ናቸው። በ1965 ገብረ ክርስቶስ ደስታ ተከተሉ። እሳቸው የሐረር ሰው ናቸው፤ ጀርመን አገር ተምረው መጥተው በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ግጥምም ይጽፋሉ። በዚያው ዓመት ቋንቋዎቻችንን ያጠኑት የውጭ አገር ሊቅ ቮልፍ ሌስላው በምርምር ተሸለሙ። በ1967 ደግሞ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎስያን።

ለእኛ የሚቀርበው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ናቸው። ከጉቴ ተነሥተን በባኮ በጌዶ አድርገን አዲስ አበባ ስንሄድ የምናልፋት አምቦ አካባቢ፣ ቦዳ ነው የተወለዱት። በ1966 በአውሮፓ አቆጣጠር በሥነ ጽሑፍ ሲሸለሙ ዕድሜያቸው ሠላሳ ግድም ነበር። ሰው የሚመሰገነው ሬሳው ሲወጣ በሆነበት አገር፣ ለዚያ ዕድሜ ወጣት በቁሙ ወርቅ መስጠት ትልቅ ነገር ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ ሽልማቱም አብሮ ቀረ። በእኔ አስተያየት ስሙን ለውጦ ሽልማቱን ማስቀጠል ይቻል ነበር። የዘውድ ነው ተብሎ ተተወ፤ ሠዓሊውና ገጣሚው ምን አደረጉ?

ገብረ ክርስቶስ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ በስደት ሞቱ። እስክንድር በ1995 ዓ.ም. ዋሽንግተን አረፉ። ጸጋዬም በ1998 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ዐረፉ፤ አስከሬናቸው ግን መጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ከአራቱ በአገሩ አልጋ ላይ የሞተው፣ በ2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፉት አፈወርቅ ብቻ ናቸው።