የባና ጽናትና የሞለኪውሎች ትስስር



ደብረ ብርሃን በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከተቈረቈረች ጀምሮ ስሟ ከብርሃን ጋር፣ አየሯ ግን ከውርጭ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ከእርሷ በስተሰሜን በመንዝ፣ በስተምሥራቅም የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችው በአንኮበር ደጋ፣ ሰው ብርዱን ሲቋቋም የኖረው በበግ ጠጕር ነው። ባናውና በርኖሱ የቤት ሀብት ነበረ። የደብረ ብርሃን የሱፍ ብርድ ልብስ ፋብሪካም በእኛ አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረ ጊዜ፣ ይኸው የቈየ ሙያ በመኪና ይሠራ ጀመር።

ነገር ግን ጠጕር በውሃ ርሶ ከተሳበ በኋላ ሲለቀቅ ወደ ቀድሞው መልኩ የሚመለሰው ስለ ምንድን ነው? ባለ ሙያው በእጁ ያወቀውን ነገር፣ ምክንያቱን የኬሚስትሪ ሊቃውንት ያገኙት በ20ኛው መቶ ዓመት ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1916 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ፣ ሁለት አቶሞች ጥንድ ኤሌክትሮን በጋራ ይዘው እንደሚተሳሰሩ ገለጸ፤ ይህም ኮቫለንት ትስስር ይባላል። የበግ ጠጕር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ሲሆን፣ ረዣዥም ሞለኪውሎቹ በዚህ ትስስር የተቀጣጠሉ ናቸው፤ ጎን ለጎን ያሉትንም ድኝ ከድኝ ጋር እየተያያዘ እንደ ድልድይ ያገናኛቸዋል። ከዚህ ሌላ የሃይድሮጂን ትስስር የሚባል ደካማ መሳሳብ አለ፤ ይኸውም ጕልበቱ ከኮቫለንቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ቢሆን ነው።

በ1930ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ዊልያም አስትበሪ ጠጕርን በራጅ መርምሮ፣ ርጥቡ ጠጕር ሲሳብ የሞለኪውሉ ቅርጽ እንደሚዘረጋ፣ ሲለቀቅም እንደሚመለስ አሳየ። በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ላይነስ ፖሊንግና የሥራ ጓደኞቹ፣ ሞለኪውሉ እንደ ሐረግ ተጠምዞ በሃይድሮጂን ትስስር የሚያዝ መሆኑን ገለጹ። እንግዲህ ውሃ የሚፈታው ደካማውን ትስስር ነው፤ የድኙ ድልድይ ግን ጸንቶ ስለሚቈይ ጠጕሩን ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ሲደርቅም የተፈታው እንደ ገና ይያያዛል።

ከዚህም ለየቤታችን የሚጠቅም ምክር ይገኛል። ባና በዝናብ ቢርስ፣ በጥላ ሲደርቅ ይድናል። በአመድ ውሃ ወይም በብርቱ ሳሙና ተዘፍዝፎ ቢፈላ ግን የድኙ ድልድይ ራሱ ይፈርሳል፤ ጠጕሩም ይሳሳል፣ ይበጣጠሳል፤ ያን ጊዜ ማድረቅ አያድነውም። ለድኻ ቤት አንድ ባና የብዙ ክረምት መጠጊያ ነውና፣ ተፈትቶ የሚመለሰውን ትስስር ተበጥሶ ከሚቀረው ለይቶ ማወቅ ለተማሪ ብቻ የተተወ ትምህርት አይደለም።