የሳውሮን ስሌት፦ በፋንታሲ ልብ ወለድ እኩያን ለምን ይሸነፋሉ?

የጄ. አር. አር. ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ታትሞ ወጣ። የታሪኩ እኩይ ገዥ ሳውሮን የኃይሉን አብዛኛውን ክፍል በአንዲት ቀለበት ውስጥ አኑሯል። ቀለበቷ ከጠፋች እሱም ይጠፋል፤ ልትጠፋ የምትችለው ደግሞ በተሠራችበት፣ በገዛ ግዛቱ መሃል በሚነደው የዱም ተራራ እሳት ብቻ ነው። ሆኖም ሁለት የደከሙ ሆቢቶች፣ ፍሮዶና ሳም፣ እዚያ ሲደርሱ የዋሻውን ደጃፍ የሚጠብቅ አንድም ዘበኛ አላጋጠማቸውም። ይህን ያየ አንባቢ ሳውሮንን ሞኝ፣ ደራሲውን ደግሞ ለጀግኖቹ ያደላ ቢል አይፈረድበትም።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ሌላ ነው። በሚገባ በተጻፈ ፋንታሲ ውስጥ የእኩይ ገጸ ባሕርይ ስትራቴጂያዊ ስህተት ከአእምሮ ማነስ አይመነጭም፤ ጠላትን በራስ ልክ ከመገመት ይመነጫል። ሥልጣንን ከሁሉ በላይ የሚወድ ገዥ ተቃዋሚውም ያንኑ እንደሚወድ ቆጥሮ ዕቅዱን ይነድፋል። መረጃው ትክክል፣ ጦሩ ብርቱ ሊሆን ይችላል፤ የሚስተው ተቃዋሚው ምን እንደሚፈልግ ሲገምት ነው።

ሳውሮን በእጁ የነበረውን መረጃ አንድ በአንድ ብናየው ውሳኔዎቹ ከቶ የሞኝ አይደሉም። ቀለበቷ መገኘቷን ያውቃል። ከዚያም አራጎርን ሩቁን በሚያሳየው ድንጋይ፣ በፓላንቲር፣ ፊት ለፊት ተገለጠለት፤ ቀለበቷን ከእጁ የቆረጠው የኢሲልዱር ወራሽ መሆኑን፣ የተሰበረው ሰይፍም ዳግም መሠራቱን አሳየው። ሳውሮን ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ ግልጽ ነው፦ አዲስ ተቀናቃኝ ተነሥቷል፤ በቀለበቷ መጠቀም ሳይለምድ መመታት አለበት። በተቃዋሚዎቹ ከተማ በሚናስ ቲሪዝ ላይ የዘመተውም ዝግጅቱ ሳይጠናቀቅ ተቻኩሎ ነው።

ያ ዘመቻ ከሸፈ። ቀጥሎ የሆነው ግን ግምቱን ይበልጥ አጠናከረለት። ሰባት ሺህ ያህል ሰው ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ሳውሮን ግዛት ወደ ሞርዶር ገሰገሰ፤ ጥቁሩ በር ሲደርስ ከስድስት ሺህ አንሷል። የሚጠብቀው ጦር ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ዘመቻ በጤናማ ወታደራዊ ስሌት ማስረዳት አይቻልም፤ ቀለበቷን ይዞ በትዕቢት ያበደ አዛዥ ካለ ግን ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ስለዚህ ሳውሮን ጦሩን ወደ ሰሜን ሰበሰበ፤ ፍሮዶና ሳም የሚያቋርጡት ሜዳም ባዶውን ቀረ። የአራጎርን ባልንጀራ ጠንቋዩ ጋንዳልፍ የፈለገው ይህንኑ ነበር። በመጨረሻው ምክክር ላይ ዓላማቸው ማሸነፍ ሳይሆን የጠላትን ዓይን መሳብ እንደሆነ ለባልንጀሮቹ በግልጽ ነግሯቸዋል።

የጦር ታሪክ ይህን ማታለያ በደንብ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1944 የምዕራብ አጋሮች «ፎርቲቲውድ» ባሉት ዘመቻ ሐሰተኛ የጦር ክፍል ፈጥረው፣ ጄኔራል ፓተንን አዛዡ አስመስለው፣ ዋናው ጥቃት በካሌ በኩል እንደሚመጣ ጀርመኖችን አሳመኑ። ለማሳመን የረዳቸው የጀርመን አዛዦች የቀድሞ እምነት ነው፤ ባሕሩ የሚጠብበት ቦታ ካሌ ስለሆነ እነሱ ቢሆኑ የሚመርጡት እሱን ነበር። ኖርማንዲ ከተወረረች በኋላ እንኳ አሥራ አምስተኛው ጦር ለሳምንታት እዚያው ሌላ ወረራ ሲጠብቅ ቆየ። አራጎርንም ለሳውሮን ያቀረበለት ሳውሮን ቀድሞ ያመነውን ነው።

ቶልኪን ግን ነገሩን በዚህ ቀላል ድል አልዘጋውም። ፍሮዶ እሳቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ቀለበቷን መጣል አቃተው፤ የእኔ ናት አለ። ሳውሮን ስለ ፍጡራን ልብ የገመተው በዚያች ቅጽበት ልክ ሆነ! ቀለበቷ የጠፋችው የቀድሞ ያዥዋ ጎለም የፍሮዶን ጣት በጥርሱ ነክሶ ቆርጦ ከነቀለበቷ ገደል ስለገባ ነው። ጎለምን ከሞርዶር የለቀቀው ራሱ ሳውሮን ነው፤ አራጎርን እንደሚገምተው ለክፉ ተልእኮ። እስከዚያች ሰዓት በሕይወት ያቆየው ግን ሊገድሉት ሲችሉ የማሩት፣ ከፍሮዶ በፊት ቀለበቷን የያዘው የቢልቦ፣ የፍሮዶና የሳም ርኅራኄ ነው። ሳውሮን በዝርዝሩ ያላሰፈረው ኃይል ይህ ነበር።

ደራሲው ይህን የምሕረት ሰንሰለት በዋዛ አላገኘውም። እ.ኤ.አ. በ1937 በታተመው «ሆቢት» ውስጥ ጎለም በእንቆቅልሽ ውድድሩ ሲሸነፍ ቀለበቷን በስጦታ ለመስጠት የቆረጠ ነበር፤ ሁለቱም በሰላም ይለያያሉ። ቢልቦ ሰይፉን ይዞ ጎለምን ለመግደል ሲችል የሚተውበት ትዕይንት የገባው ምዕራፉ ታርሞ በ1951 እንደገና ሲታተም ነው። ቶልኪን የሳውሮንን ውድቀት መንገድ ለማበጀት አሥራ አራት ዓመት ወደኋላ ተመልሶ የቀድሞ መጽሐፉን አርሟል።

የጄ. ኬ. ሮውሊንግ ቮልድሞርት ሁለተኛው ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2007 በወጡት ሰባት መጻሕፍት ውስጥ ስህተቶቹ ብዙ ናቸው፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። ገና ሲጀምር ሊያሸንፈው የሚችል ሕፃን እንደሚወለድ የሚናገረውን ትንቢት ግማሹን ብቻ ሰምቶ እርምጃ ወሰደ። ትንቢቱ ለሁለት ሕፃናት ይሆን ነበር፤ ከንጹሕ የጠንቋይ ዘር ከተወለደው ኔቪል ይልቅ እንደ ራሱ ቅይጥ የሆነውን ሃሪን መረጠ። አደገኛ የመሰለው እሱን የሚመስለው ነው።

ከዚህ የከፋው ንቀቱ ነው። የነፍሱን ቁራጭ የያዘውን ሐብል በባሕር ዳር ዋሻ ሲደብቅ መከላከያውን የሞከረው ክሪቸር በተባለ የቤት አገልጋይ ኤልፍ ላይ ነበር፤ መርዙን አጠጥቶ ለሞት ጥሎት ሄደ። የኤልፎች አስማት ጠንቋዮች በማይችሉበት ቦታ ተሰውሮ መውጣት እንደሚያስችል ግን ልብ አላለም። ክሪቸር ጌታው ሬጉለስ ተመለስ ብሎ ስላዘዘው ተመለሰ፤ በእሱም በኩል ምስጢሩ ወጣ። በመጨረሻም ቮልድሞርት የሃሪን ሞት እንድታረጋግጥ የላካት ናርሲሳ ማልፎይ ዋሸችው። ልጇ በሕይወት መኖሩን ከሃሪ ሰምታ ነበርና ከጌታዋ ድል የልጇ ነገር በለጠባት። አገልጋይ ታማኝ የሚሆነው በፍርሃት ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ገዥ እንዲህ ያለውን ውሸት አስቀድሞ መጠርጠሪያ የለውም።

በጆርጅ አር. አር. ማርቲን «የቁራዎች ግብዣ» (2005) ንግሥት ሰርሲ የምትሠራው ስህተት ደግሞ መንፈሳዊ ኃይልን ይመለከታል። ዘውዱ ለሃይማኖቱ ተቋም ያለበት ከ900,000 በላይ የወርቅ ድራጎን ዕዳ እንዲሰረዝላት ስትል የሃይማኖቱ ታጣቂ ማኅበራት ዳግም እንዲቋቋሙ ፈቀደች። ብልህ ንግድ የሠራች መሰላት። ሊቀ ካህኑ ግን በወርቅና በማዕረግ የሚመዘን ሰው አልነበረም፤ የሚያስተምረውን በእውነት ያምናል። ስለዚህ ራሷ ያስታጠቀችው ክንድ ራሷን ንግሥቲቱን አሰረ።

ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር እኩዩ ዕቅዱን ለታሰረው ጀግና በዝርዝር እየነገረ ጊዜ የሚያባክንበት ድርሰት ድክመቱ ይጋለጣል። እዚያ ስህተቱ ለሴራው መፍቻ ይጠቅማል እንጂ ከገጸ ባሕርዩ ማንነት አይወጣም፤ ንግግሩን ብንቆርጠው ሰውየው ያው ሰው ሆኖ ይቀራል። የሳውሮን ስህተት ግን ሊታረም የሚችለው ሳውሮን ሌላ ሰው ከሆነ ብቻ ነው። በዱም ተራራ ዘበኛ ለማቆም ኃይልን የሚጥል ሰው ሊኖር እንደሚችል ማሰብ ነበረበት።

ቶልኪን ለሁለተኛው እትም በጻፈው መቅድም ላይ ይህን ግምት የሚያጸና ነገር አስፍሯል። ታሪኩ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ምሳሌ ቢሆን ኖሮ፣ ይላል፣ ቀለበቷ ተይዛ በሳውሮን ላይ ትውል ነበር፤ ምሽጉም በመፍረስ ፈንታ በድል አድራጊዎቹ ይያዝ ነበር። እንዲህ ከሆነ ሳውሮን የጠበቀው ጠላት ደራሲው በኖረበት ዘመን እውነተኛ ጦርነት ውስጥ በሁለቱም ወገን የነበረው ተዋጊ ነው። ኃያሲው እኩዩን በስንፍና ከመክሰሱ በፊት ያንን ስሌት የሚያፈርስ ሰው ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ሊመዝን ይገባል።