የካሶኒው ክብደት

ላንቴን ያላየ አዲስ አበቤ ሙዟን ሳይበላ አይቀርም። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ በጋሞ ተራሮችና በአባያ ሐይቅ መካከል የተዘረጋች ሜዳማ የሙዝ አገር ናት። ከተራራው የሚወርዱት ወንዞች ለዘመናት ያመጡት ደለል ለሙዙ ሲሳይ ነው። ዝናብ ሲነካው ግን ለመኪና ጎማ ሳሙና ይሆናል። እዚያ ደግሞ ዝናቡ እንደኛ ሐምሌና ነሐሴን አይጠብቅም፤ ዋናው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይወርዳል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይደግማል።

ሾፌሮች የሚያውቁት አንድ እንቆቅልሽ አለ። ሙዝ ሊጭን ባዶውን ከአስፋልት የወረደ ፒክአፕ ጭቃው ላይ ጎማው በከንቱ ሲሾር ይቆይና፣ ያው መኪና ተጭኖ ሲመለስ ረግጦ ሊወጣ ይችላል። ችግሩ መቅለሉ ነበራ! ሞተሩም ሾፌሩም ያሉት ከፊት ነው፤ የሚገፋው ግን የኋላ ጎማ ነው። ካሶኒው ባዶ ከሆነ የሚገፋው ጎማ መሬቱን የሚጫንበት ክብደት ያጣል።

ጥያቄው ከመኪና በፊት የተነሣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ባቡር ሊሠሩ የተነሡ ሰዎች፣ ለስላሳ የብረት ጎማ በለስላሳ ሐዲድ ላይ ይሾራል እንጂ ጭነት አይጎትትም የሚል ሥጋት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1812 ጆን ብሌንኪንሶፕ ሊድስ አጠገብ ጥርስ ያለው ሐዲድ ተጠቅሞ መፍትሔ አበጀ። በዚያው ሰሞን ዋይላም በተባለ የድንጋይ ከሰል ሥፍራ ዊልያም ሄድሊ ሌላ ነገር ሞከረ። አንድ ሰረገላ ላይ አስቀድሞ የመዘነውን ብረት ጫነ፣ ከኋላው ከሰል የሞሉ ፉርጎዎች ቀጠለ፣ ሰረገላውንም በሰው ጉልበት በሚዞሩ አራት እጀታዎች አንቀሳቀሰው። ብረቱን እየጨመረና እየቀነሰ ጎማው መሾር የሚጀምርበትን ልክ ፈለገ። ክብደት ከበቃ ጥርስ እንደማያስፈልግ የተረጋገጠው እንዲህ ነው።

ከዚህ ሙከራ የምወደው አንድ ዝርዝር አለ። እጀታ አዟሪዎቹ መሬት እንዳይነኩ የቆሙት ከራሱ ከሰረገላው በተንጠለጠለ መቆሚያ ላይ ነበር። ማለትም ሰውም የክብደቱ አካል ነበር።

ወደ መኪናው እንመለስ። ቶዮታ ሃይሉክስን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በረዶ ባለባቸው አገሮች ሰዎች ክረምት ሲገባ ፒክአፓቸው ላይ አሸዋ በከረጢት ይጭናሉ። አሸዋው ሁለት ሥራ አለው፤ መኪናው ከተያዘም ከረጢቱን ቀድደው ጎማው ሥር ይበትኑታል። (የእንፋሎት ባቡሮችም ሐዲዱ ሲያንሸራትታቸው ጎማው ፊት የሚያፈስሱት አሸዋ ይዘው ይሄዱ ነበር።)

እኛ አገር የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው። ያኔ የጋሙ ጎፋ ዋና ከተማ ጨንቻ ነበረች፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዝናብና ጉም የማይለያት ተራራ ላይ። አስተዳደሩ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው በኋላ፣ በ1950ዎቹ ነው። አስፋልት ብዙ ነገር ለወጠ፤ ከአስፋልቱ እስከ ሙዙ ማሳ ያለውን ግን ዛሬም ዝናብ ያዝዝበታል።

ክብደት ሁሌ መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። ከሥር ጠንካራ መሬት ኖሮ ላዩ ብቻ ሲያሟልጭ ይረዳል፤ ጥልቅ ጭቃ ውስጥ ግን የባሰ ያሰምጣል። ቦታውም ወሳኝ ነው። ከኋላ ጎማው በላይ ወይም ትንሽ ወደፊት መሆን አለበት። የኋላ ስፖንዳው ጋ ከተከመረ የፊት ጎማውን ያቀልለውና መሪ አልታዘዝ ይላል። ደግሞ ካልታሰረ ፍሬን ሲያዝ ወደ ጋቢናው ይወረወራል። ፎር ዊል ያለው መኪናም ቢሆን የሚረዳው ለመውጣት ነው፤ ለመቆም አይረዳም።

ታዲያ የገጠር መንገዳችን ላይ አሸዋ የት አለ? ያለው ሰው ነው። «ውጡበት! ኋላ ውጡበት!» ይባላል፤ ጎረምሶች ካሶኒው ላይ ይወጡና ስፖንዳውን ይዘው ይዘልላሉ፣ ጎማው ይነክሳል፣ መኪናው ይወጣል። ዘዴው ይሠራል፤ ከሄድሊ ጀምሮ ይሠራል። የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የሄድሊ ሰረገላ የሚሄደው በሰው ጉልበት ፍጥነት ነበር። ፒክአፑ ግን አስፋልት ላይ ሲወጣ ማንም «ውረዱ» አይልም፤ መንገዳቸው ነዋ። ለጭቃው ክብደት የነበሩት ልጆች ተሳፋሪ ይሆናሉ፤ መቀመጫም ቀበቶም በሌለው ካሶኒ፣ በሰማንያ ፍጥነት፣ ወደ ሶዶ።