የዊልያም ሞሪስ ጨርቅና ቀለሙ

ሰው ከጥንት ጀምሮ ልብሱን ሲያቀልም የኖረው በብዛት ከሥር፣ ከቅጠልና ከአበባ ባወጣው ቀለም ነው። በ1856 (ዓመታቱን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ሐምራዊ ቀለም ስላገኘ፣ የፋብሪካ ቀለም እየበረከተ ሄዶ የቀድሞውን ሙያ ቀስ በቀስ ከገበያ አስወጣው።

ይህን ካልወደዱት አንዱ የጨርቅ ጥበበኛው ዊልያም ሞሪስ (1834–1896) ነበረ። ሞሪስ ከ1875 ጀምሮ ሊክ በምትባለው ከተማ ከቀለም ነካሪው ከቶማስ ዋርድል ዘንድ እየሄደ፣ ክንዱ በኢንዲጎ እስኪሰማይ ድረስ በገዛ እጁ እየነከረ ሙያውን ተማረ። በ1881ም በዋንድል ወንዝ ዳር፣ በመርተን አቢ፣ የራሱን መሥሪያ ስፍራ አቆመ።

በ1883 ያወጣውን «የእንጆሪ ሌባ» የተባለውን ጨርቅ የነደፈው፣ በአትክልቱ ውስጥ እንጆሪ የሚሰርቁትን ወፎች አይቶ ነው። ጥጡ አስቀድሞ በሙሉ ሰማያዊ ይነከራል፤ ቀጥሎም ቀለም የሚያነጣ መድኃኒት በተቀባ የእንጨት ማኅተም እየታተመ፣ ወፉና ቅጠሉ በሚወጡበት ስፍራ ሰማያዊው ይነሣል፤ በመጨረሻም ቀዩና ቢጫው ይታከላል።

ይህን ያህል የተደከመበት ጨርቅ ግን ዋጋው ስለ ከበደ ገዢው አብዛኛውን ጊዜ ባለጠጋው ነበረ። ሞሪስ ውበት የጥቂቶች ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ይመኝ ነበርና፣ በዚያው በ1883 ለሠራተኛው ወገን ከሚከራከረው ከዴሞክራቲክ ፌዴሬሽን ገባ፤ የጨርቁ ዋጋ ግን አልረከሰም።

እንግዲህ ስለ እጅ ጥበብ የምናስብ ሁሉ፣ ሥራው እንዴት እንደሚያምር ብቻ ሳይሆን ለማን እንደሚደርስም አብረን ልንጠይቅ ይገባናል።