ሕሙም እና አመመኝ

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጥያ በትክል ድንጋዮቿ ትታወቃለች። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እነዚህ ሐውልቶች የመቃብር ምልክቶች ናቸው፤ በቁፋሮም ከሥራቸው የወጣቶች አጽም ወጥቷል። ሰይፍ ተቀርጾባቸዋል፤ ፊደል ግን የለባቸውም። የታመመ ሰው ስለ ሕመሙ የሚናገርበትን ቃል ከድንጋይ ሳይሆን ከአፍና ከመጽሐፍ መፈለግ ግድ ነው።

ሥሩ የግእዙ «ሐመመ» ነው። ሊቃውንት ከዐረብኛው «ሑማ»፣ ማለትም ከትኩሳት፣ ጋር ያዛምዱታል፤ ሙቀትና ሕመም ከጥንት ጎረቤታሞች ነበሩ ማለት ነው። ከዚህ ግሥ «ሕሙም» የተባለው ቅጽል ይወጣል፤ አካሄዱ እንደ ክቡር፣ እንደ ቅዱስ ነው። ለሴት ሕምምት፣ ለብዙ ሕሙማን ይሆናል። የሰሙነ ሕማማት «ሕማማት»ም የዚሁ ቤት ልጅ ነው።

አማርኛ ይህን ሥር በሁለት በር አስገብቶታል። በአፍ የመጣው ግሥ ሐውን ከድምፁ ጥሎ «አመመ»፣ «ታመመ» ሆነ። በመጽሐፍ የመጡት «ሕመም» እና «ሕሙም» ግን ሐውን እንደያዙ ቀሩ። ስለዚህ እናት ልጇን «ምንህን ነው የሚያምህ?» ስትል የሰማነው ግሥና ሐኪሙ የሚጽፈው «ሕመም» ወንድማማች መሆናቸውን ጆሮ በቀላሉ አይለይም።

ሰዋስዉ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያስገርመኛል። «ራሴን አመመኝ» ስንል ባለቤቱ ማን ነው? «እኔ» ተሳቢ ነኝ፤ ራሴም በ«ን» ተሳቢ ነው፤ ያመመኝ «እርሱ» ግን ስም የለውም። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝም እንዲሁ ናቸው። ሕመም በሰው ላይ የሚደርስ ነገር እንጂ የሰውየው ጠባይ አይደለም።

«በሽተኛ» ግን ሌላ ነው። «ኛ» ፈረሰኛን፣ እግረኛን የሚሠራ ቅጥያ በመሆኑ ሰውን በያዘው ነገር ይሰይመዋል። «አሞታል» ያልነው ሰው ነገ ይድናል፤ «በሽተኛ ነው» ያልነው ግን ስሙ ተለጥፎበታል። «ሕሙም» በመካከል ቆሞ፣ ከክቡር ጋር አንድ መልክ ለብሶ፣ ክብሩን አይነጥቀውም። በአዲስ አበባ የሚገኘው መቄዶንያ፣ አደባባይ ላይ በስድብ የሚጠሩትን ሰዎች ሲያስጠልል፣ በስሙ ላይ የጻፈው «የአእምሮ ሕሙማን» ብሎ ነው።